ከመፋቃችን በፊት እናንብበው፦ አሮጌ የአደን ጠመንጃ በቤታችን ላለን ሁሉ የቀረበ ማሳሰቢያ

አንድ ጎረቤታችን የአባቱን ተዝካር ካወጣ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ጠመንጃ ከቆጥ ላይ አወረደ። ፈቃዱ በደንብ የተያዘ፣ አባቱ በጉብዝናቸው ቆላ ወርደው ጎሽ የጣሉበት፣ ከእሳቸው በፊትም አያቱ ይዘውት የኖሩ ሞዘር ነው። ልጁ አባቱን ሊያከብር ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፤ ሰደፉንም ቫርኒሽ ቀባው። ሄጄ ሳየው እንደ መስታወት ያበራል። ጥይት በሚጎርስበት ቦታ ላይ የነበረው ዘውድ የጫነ አንበሳ ግን እግሩና የጅራቱ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። ከጎኑ ያለው ቁጥር በጣት ይዳሰሳል እንጂ በዓይን አይነበብም። «አሳመርኩት አይደል?» ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ልጁን የምንወቅስበት ምክንያት የለም። በቅን ልብ ነው የሠራው፤ እኛም ቀድመን አልነገርነውም። ይህን ማሳሰቢያ የጻፍኩት ሌላ ቤት ውስጥ ሌላ አንበሳ እንዳይፋቅ ነው።

ብዙዎቹ አያቶቻችን ለጦርና ለአደን የተለየ መሣሪያ አልነበራቸውም። ከፈረንሳይ የመጣው የግራ ጠመንጃ በእኛ አፍ ውጅግራ፣ የእንግሊዙ ስናይደር ስናድር ተባለና የተዘመተበትም የታደነበትም ያው ሆነ። ስለዚህ በእጃችን ያለው ብረትና እንጨት የአንድ ቤተሰብ ንብረት ብቻ አይደለም፤ የሰፈርና የአገር ማስረጃም ነው። ማስረጃነቱ የሚቆየው ደግሞ ኦሪጅናል የሆነውንና በኋላ የተነካካውን ለይተን፣ ያለበትን ሁኔታ በእውነት መዝግበን ስንይዘው ነው።

፩. ከሁሉ በፊት፦ ሕይወትና ሕግ

እናድርግ፦

• አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረን መቀርቀሪያውን እንክፈት፤ «ባዶ ነው» ተብሎ የተቀመጠ ጠመንጃ ስንት ቤት እንዳስለቀሰ ሁላችንም እናውቃለን።

• መጉረሻውንና ካዝናውን በዓይናችን ብቻ ሳይሆን በጣታችንም እንፈትሽ፤ ለዘመናት የተቀረቀረ ቀለህ ከብረቱ ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል።

• ፈቃዳችንን እናረጋግጥ፤ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም ማዘዋወርም ያስጠይቃል፤ መዘዙም ለመላው ቤተሰብ ይተርፋል።

• በውርስ የደረሰንና ወረቀት የሌለው ከሆነ መሣሪያውን ቤት ትተን በቅድሚያ ራሳችን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን እንጠይቅ፤ ተሸክሞ የሚሄድን ሰው መንገድ ላይ የሚያየው ሁሉ ሐሳቡን አያውቅለትም።

እንቆጠብ፦

• በለቅሶም በሠርግም ወደ ሰማይ አንተኩስ፤ የወጣችው እርሳስ ተመልሳ የምታርፈው በሌላ ሰው ጣሪያ ወይም በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው።

• ልጆች በተሰበሰቡበት አንመርምር፤ ዛሬ በእጃችን ያዩትን ነገ እኛ በሌለንበት ሊሞክሩት ይችላሉ።

• ቃታውን ለመሞከር ብለን ደጋግመን አንሳብ፤ ያረጀ መርፌ ይሰበራል፣ ምትኩም በቀላሉ አይገኝም።

፪. ማን እንደሆነ ስንለይ

እናድርግ፦

• ጽሑፉን ከጎን በሚመጣ የጠዋት ብርሃን እናንብብ፤ ከፊት የሚወርድ ብርሃን የደበዘዘውን ፊደል ይውጠዋል።

• ያገኘነውን ምልክት ሁሉ እንዳለ እንቅዳ፣ ፎቶም እናንሳ፤ ዛሬ ትርጉሙ ያልገባን አንድ ፊደል ነገ ለሚያውቅ ሰው ቁልፍ ይሆናል።

• ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እንቁጠር፤ ፋብሪካዎቹ አውሮፓ ስለነበሩ የእኛ ዘመን አድርገን ከቆጠርነው ሰባት ስምንት ዓመት እንስታለን፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጠመንጃና የጥይት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

• ውጅግራ ላይ 1874 የሚል ካየን የሞዴሉ ዓመት መሆኑን እንወቅ፤ ጠመንጃው ራሱ የተሠራበት ዓመት አፈሙዙ ላይ ለብቻው የተመታ ነው።

• የጣሊያን ሞዴል 1891 ከሆነ ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር መኖር አለመኖሩን እንይ፤ ቁጥሩ ከ1922 ጀምሮ የተቆጠረ የፋሺስት ዘመን ስለሆነ ያ ጠመንጃ አድዋ ላይ ሊውል አይችልም።

• ዘውድ የጫነ አንበሳ ያለበት ሞዘር ከሆነ አንበሳውን እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቅ፤ በ1930ዎቹ በቤልጅግና በጀርመን ፋብሪካዎች ለኢትዮጵያ መንግሥት ተብለው ለተሠሩት ምስክራቸው እሱ ነው።

• ሞላላ የሊዬዥ ማኅተም ያለበት ከሆነ ምን እንደሚነግረን እንወቅ፤ ማኅተሙ መሣሪያው ቤልጅግ ውስጥ ለጥንካሬ መፈተሹን ይናገራል እንጂ የሠሪውን ስም አይናገርም።

• አረጋውያኑን ዛሬውኑ እንጠይቅ፤ ብረቱ መቶ ዓመት ይጠብቀናል፣ የእማማ ትዝታ ግን አይጠብቀንም።

እንቆጠብ፦

• የደበዘዘ ቁጥር እንዲጎላ ብለን በሚስማር አንፈልፍል፤ የቀረውን ጥቂት እናጠፋለን፣ ሕግ ፊትም ቁጥር የነካካ ሰው ሆነን እንታያለን።

• በሰፈር ስሙ ብቻ አንፍረድ፤ አንዱ አገር በልጅግ የሚለውን ሌላው በሌላ ስም ሊጠራው ይችላል።

• የቤተሰቡን ትረካ ከምልክቱ ጋር ሳናመሳክር ለሌላ አናስተላልፍ፤ የተሳሳተ ታሪክ የሰማ ልጅ ሲያድግ እውነተኛውንም መጠራጠር ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ምልክቱ ከአያታችን ትረካ ጋር ካልገጠመ አያታችን ዋሽተዋል ማለት አይደለም። ከጣሊያን ጋር በተደረገው የአምስት ዓመት ተጋድሎ አንዱ ጠመንጃ ሲበላሽ ሌላ ተማርኮ በቦታው ይተካ ነበር፤ ስሙና ዝናው ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀጥላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን እንጻፋቸው፦ «ቤተሰቡ እንዲህ ይላል፤ ብረቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ ይህ ነው» ብለን።

፫. ኦሪጅናልነቱን ስንመረምር

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ኦሪጅናል ሲባል አዲስ የሚመስል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ያረጀ ሁሉ አልተበላሸም፤ የሚያበራ ሁሉም ጤነኛ አይደለም። የምንፈልገው ዕድሜው በተፈጥሮው የታተመበትን ነው።

እናድርግ፦

• እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበትን ጠርዝ በጥፍራችን እንዳስስ፤ ከፋብሪካ የወጣ ሰደፍ አብዛኛውን ጊዜ ከብረቱ በጥቂቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ካለ ግን ተፍቋል ማለት ነው።

• በሰደፉ ጎን ክብ ማኅተም ወይም ቁጥር እንፈልግ፤ የብርጭቆ ወረቀት በቅድሚያ የሚበላው እሱን ነው።

• ጥቁር ሰማያዊው የብረት ቀለም የት እንደሳሳ እናስተውል፤ እጅና ትከሻ በሚነካው ጠርዝ ላይ ብቻ የሳሳ እንደሆነ የኑሮ ምልክት ነው።

• የዝገት ጉድጓዶችን በማጉያ መነጽር እንይ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይቀር እኩል የጠቆረ ብረት ከዛገ በኋላ እንደገና ቀለም የተነከረ ነው።

• የብሎኖቹን አናት እንመልከት፤ መፍቻ የሚገባበት መስመር ከተላጠ ያለ ሙያው የፈታው ሰው አለ።

• በአፈሙዙ፣ በአካሉ፣ በመቀርቀሪያውና በሰደፉ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እናመሳክር፤ መግጠማቸው አብረው ከአንድ ፋብሪካ መውጣታቸውን ያመለክታል።

• ርዝመቱን እንለካ፤ የእግረኛ ውጅግራ ሙሉ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነውና ካጠረ ተቆርጧል፣ ወይም ከፋብሪካው አጭር ሆኖ ከወጣው ወገን ነው።

• ያጠረውን ለመለየት የአፈሙዙን ጫፍና የፊቱን ማነጣጠሪያ እንመርምር፤ በመጋዝ የተቆረጠ አፍ እኩል አይከረከምም፣ ማነጣጠሪያውም በኋላ የተበየደ መሆኑ ያስታውቃል።

• ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ የተሰፋ ወይም በሽቦ የታሰረ ከሆነ እንዳለ እንተወው፤ ቆዳውን እርጥብ እያለ ወጥሮ ሰፍቶ እንዲደርቅ የተወው ባለሙያ ሥራውን ለእኛ ትቶልናል።

እንቆጠብ፦

• ቁጥሩ ያልገጠመውን ሁሉ «ተጭበርብሯል» አንበል፤ በዘመቻና በጦር ግምጃ ቤት ጥገና ክፍሎች ይለዋወጡ ነበርና የባለቤቱን ስም ያለጥፋቱ እናጠፋለን።

• እንዲገጥም ብለን አዲስ ቁጥር አንምታ፤ ገዢውን ማታለል ከመሆኑም በላይ በሕግ ያስቀጣል።

• ጥሬ ቆዳውን ገፍፈን አዲስ ሰደፍ አንግጠም፤ ከሚሊዮን ወንድሞቹ የሚለየውን የእኛን አገር አሻራ እናጣለን።

• የአደን መነጽር ለመግጠም ብለን አካሉን አንብሳ፤ የተበሳ ብረት አይመለስም፣ ሰብሳቢም ሙዚየምም በቅድሚያ የሚያየው ያንን ቀዳዳ ነው።

• ለመያዝ እንዲመች ብለን አናሳጥር፤ ማስረጃነቱ በሁለት ደቂቃ ያከትማል፣ ያጠረ መሣሪያም በሕግ ፊት ሌላ ጥርጣሬ ይስባል።

፬. የውስጡን ጤና ስናይ

እናድርግ፦

• መቀርቀሪያውን አውጥተን አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንተን ውስጡን እንመልከት፤ ጠመዝማዛ መስመሮቹ ስል ከሆኑ ጤነኛ ነው፣ ከደበዘዙ በሥራ ወይም በዝገት ተበልቷል።

• በውስጡ እንደ ቀለበት የከበበ ጥላ ካየን መተኮሱን ትተን ዘግተን እናስቀምጠው፤ አፈሙዙ አንድ ቦታ ላይ አብጧል ማለት ነው፣ ቢተኮስ ሊፈነዳ ይችላል።

• የመቀርቀሪያውን ጥርሶችና የሰደፉን አንገት ለስንጥቅ እንፈትሽ፤ የመምታቱ ኃይል ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

• ጤንነቱን የሚወስን መለኪያ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ ይሁን፤ በመቀርቀሪያውና በቀለሁ መካከል ያለች የፀጉር ያህል ክፍተት በዓይን አትታይም፣ ፊትን ግን ታቃጥላለች።

እንቆጠብ፦

• የገባ ጥይት ሁሉ ልኩ ነው አንበል፤ የጀርመኑ 8 ሚሊሜትር ጥይት በ1905 እርሳሱ ከ8.1 ገደማ ወደ 8.2 ሚሊሜትር ወፍሯል፣ አዲሱ በድሮው አፈሙዝ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል።

• ውጅግራ ላይ የዘመኑን ባሩድ አንሞክር፤ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፣ የዛሬውን ግፊት እንዲችል አልታሰበም።

• «አንድ ጊዜ ብቻ» አንበል፤ አጠገባችን የቆመው ሰው የሚጎዳው በዚያችው አንዷ ነው።

፭. ስናጸዳና ስናስቀምጥ

እናድርግ፦

• ብረቱን በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ቀጭን ዘይት እናብስ፤ ዝገትን ለመግታት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

• ቀይ የሚራገፍ ዝገትንና የረጋ ቡናማ ሽፋንን እንለይ፤ የመጀመሪያው ብረቱን እየበላ ነው፣ ሁለተኛው ግን ዕድሜ ያለበሰው ልብሱ ነው።

• እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ እንጥረግ፤ በላብና በቅባት የጠቆረው ቦታ የአያታችን ጉንጭና መዳፍ ያረፈበት ነው።

• ደረቅና ነፋሻ ቦታ ቆልፈን እናስቀምጥ፤ ቁልፉ የሚጠብቀው ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ልጆቻችንንም ነው።

እንቆጠብ፦

• ብርጭቆ ወረቀትና ሞረድ አናስጠጋ፤ አንዴ የተላጠ ጽሑፍ በማንም እጅ አይመለስም።

• ቫርኒሽ አንቀባ፤ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ ይሸፍንና የሚገዛውን ወይም የሚወርሰውን ያሳስተዋል።

• በቆዳ አፎት ወይም በላስቲክ ጠቅልለን አንተው፤ እርጥበት ይዞ በአንድ ክረምት ብረቱን ይበላዋል።

• ከምድጃ በላይ ባለ ቆጥ ላይ አናስቀምጠው፤ ጭስ ብረቱንም እንጨቱንም ቀስ በቀስ ይጎዳል።

፮. በሕግ ስናስተላልፍና ስናወርስ

እናድርግ፦

• የምናውቀውን ጉድለት ሳንጠየቅ እንናገር፤ በአደራና በመተማመን የኖረ ሰፈር በአንድ የተደበቀ ስንጥቅ ይሻክራል።

• «ይህ ኦሪጅናል ነው፣ ይህ ተቀይሯል፣ ይህን አላወቅንም» ብለን በሦስት ከፍለን እንጻፍ፤ የሚቀበለው ሰው ከእኛ ላይ ጀምሮ ይቀጥላል።

• ታሪካዊ ሊሆን ይችላል ብለን ካሰብን የቅርስ ባለሥልጣንን ወይም በአቅራቢያችን ያለውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እናማክር፤ የሕዝብ ታሪክ ያለበትን ነገር ብቻችንን ልንፈርድበት አይገባም።

እንቆጠብ፦

• «አድዋ የዋለ» እያልን ዋጋ አንስቀል፤ በውሸት የተሸጠ አንድ ጠመንጃ በእውነት የዋሉትን ሁሉ ያጠራጥራል።

• በድብቅ ከአገር አናስወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፣ የሄደውም በአብዛኛው አይመለስም።

• ለመለዋወጫ ብለን አንበትን፤ መቀርቀሪያው ለአንዱ፣ ሰደፉ ለሌላው ከሄደ ማንም ሙሉውን አያገኝም።

፯. በአሜሪካ ላለን ወገኖች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ታይተዋል፤ ውጅግራው፣ የጣሊያኑ ሞዴል 1891፣ አንበሳ ያለበት ሞዘር። ከመካከላችን የአገሩን ሽታ ፍለጋ የሚገዛ አለ፤ ለአደን ዊንቸስተር የሚገዛም አለ። ሁለቱንም ወገን የሚመለከት ይህ ነው።

እናድርግ፦

• የምንኖርበትን ግዛት ሕግ አስቀድመን እንወቅ፤ በፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ቢታይም ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

• አፈሙዙ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የአስመጪ ስምና ከተማ እንፈልግ፤ በአስመጪ በኩል ወደ አሜሪካ የገባ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነውና «ከአያቴ የወረስኩት» የሚለውን ሻጭ እንድንጠይቅ ያስችለናል።

• ዊንቸስተር ሞዴል 70 ከሆነ ቁጥሩን እንይ፤ በ1936 የወጣው ሞዴል በ1964 ሲቀየር አዲሱ ከ700,000 ስለጀመረ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የቀድሞው ከዚያ በታች ነው።

• በዚያው የቀድሞ ሞዴል መቀርቀሪያ ጎን ያለውን ረጅም የብረት ጥፍር እንይ፤ ቀለህ ጨብጦ የሚያወጣው እሱ ነው፣ በ1964 ከተቀየሩት ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

• ሰደፉ ተቆርጦ የጎማ ትራስ ተገጥሞለት፣ አካሉም ትርፍ ቀዳዳ ኖሮት እንደሆነ እንፈትሽ፤ ለአደን ምንም ባይጎዱ ኦሪጅናል ነው ብሎ ለከፈለ ሰው ግን ትልቅ ጉዳት ናቸው።

• የፋብሪካ መዝገብ እንጠይቅ፤ ዋዮሚንግ ግዛት ኮዲ ከተማ ያለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ለአንዳንድ የቀድሞ ዊንቸስተሮች በቁጥራቸው ሲወጡ እንዴት እንደነበሩ ይነግራል።

እንቆጠብ፦

• ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ በርካሽ አገኘሁ ብለን አንግዛ፤ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፣ ጦሱም ለስደተኛ ቤተሰብ ከሁሉ ይከብዳል።

• ከኢትዮጵያ የመጣውን ጠመንጃ ቆዳውን አውልቀን አዲስ አናስመስል፤ ከእኛ በቀር ያን ስፌት ለፈረንጅ የሚያስረዳለት የለም።

ጎረቤታችን አሁን ያንን ሞዘር ወዲያ ብሎ አልጣለውም። ከእናቱ ጎን ተቀምጦ የምታስታውሰውን ሁሉ በአንድ ደብተር ጻፈ፤ ጎሹ የወደቀበትን ቆላ፣ ጠመንጃው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በራሱ እጅ እንዲህ ሲል አከለ፦ «አንበሳውን የፋቅሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ሙሉ ነበር»። ደብተሩን ከጠመንጃው ጋር ቆልፎበታል። ነገ የሚከፍተው ልጅ የጎደለው ነገር በማን እጅ እንደጎደለ አይጠፋበትም። ጠመንጃ ያለን ሁሉ ዛሬ ማታ ደብተር እንክፈት፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ግን ለበርና ለመስኮት ይቆይ።